ፓውቹን በምን እናቁመው? የአንድ የጅማ ቡና ቀማሽ ጉዳይ

ጉዳዩ የአንድ ቡና ቀማሽ ነው። ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ባለትዳር፣ የልጆች አባት፣ ጅማ ተወልዶ ያደገ ሰው። ከሊሙ፣ ከጎማ፣ ከማና የሚመጣውን ናሙና እየቀመሰ ደረጃ ይሰጣል። ስሙንም መሥሪያ ቤቱንም አልጽፍም። ታሪኩ እንዲጻፍ ግን ፈቅዷል። «ጻፊው አቦ፣ እኔ የሚነግረኝ አጥቼ ነው ይህን ያህል የተንገላታሁት» ነው ያለኝ። እኔ እዚሁ ጅማ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። አብረን ነው የተማርነው፣ ስለዚህ ነገሩን ከቅርብ ሆኜ አይቼዋለሁ።

ሊያቆም የፈለገው ኒኮቲን ፓውች ነው። ለማያውቀው፣ ፓውች ትንሽ ነጭ ከረጢት ናት። ውስጧ ኒኮቲን፣ ማጣፈጫና ሙሌት አለ፤ የትምባሆ ቅጠል የለም። ከንፈርና ድድ መካከል ትሸጎጣለች፣ ኒኮቲኑም በአፍ ውስጠኛ ሥጋ በኩል ወደ ደም ይገባል። ጭስ የላትም። አጠገብ የተቀመጠ ሰው እንኳ ላያውቅ ይችላል።

ይሄ ሰው በፊት አጫሽ ነበር። ቡና ቀማሽ ሲያጨስ ደግሞ ችግሩ ድርብ ነው። ቅምሻ ክፍል የሲጋራ ሽታ ይዞ የሚገባን ሰው ማንም አይወደውም፣ የራሱም አፍንጫ ቀስ በቀስ ይደነዝዛል። በዚያ ላይ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት በሥራ ቦታና ሕዝብ በሚገለገልበት ቤት ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው። አንድ ዘመዱ ከዱባይ ይዞለት የመጣው የፓውች ቆርቆሮ ታዲያ መፍትሔ መሰለው። እውነት ለመናገር በአንድ በኩል መፍትሔ ነበር። የሚነድ ነገር ስለሌለ ታር የለም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የለም፣ ለሳንባ ከሲጋራ ጋር አይወዳደርም። ይሄን የምለው ፓውቹን ለማሞገስ አይደለም። ፓውች ሲተው ወደ ሲጋራ የተመለሰና «አቆምኩ» የሚል ሰው ስላየሁ ነው። ያ ማቆም አይደለም፣ ወደ ባሰው መሄድ ነው።

ችግሩ ሌላ ጋ ነው። ሲጋራው ሰዓትና ቦታ ነበረው፤ ውጭ መውጣት፣ ከልጆች መራቅ፣ እጅ መታጠብ ነበረበት። ፓውቹ ይሄ ሁሉ የለበትም። ባጃጅ ውስጥ ይይዛል፣ ስብሰባ ላይ ይይዛል፣ አልጋ ላይ ይይዛል። ሳያስበው በቀን የሚወስደው ኒኮቲን ከአጫሽነቱ ጊዜ በለጠ። ወደ እኔ ሲመጣ ባለ 6 ሚሊግራሙን በቀን ደርዘን ያህል ይጠቀም ነበር።

ለማቆም የገፋፋው የጤና ስብከት አልነበረም። ምላሱ ነው። ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ዓይነት ናሙና ቀምሰው ነጥብ ሲያወዳድሩ የእሱ አሲዳማነት ላይ በተደጋጋሚ ይለይ ጀመር። የፓውቹ የናና ጣዕም፣ ቅዝቃዜው፣ የድዱ መቃጠል፣ አንዱ ወይም ሁሉም ምላሱን ሸፍነውበታል። ለሚቀምስ ሰው ይሄ እንጀራው ነው። ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ደግሞ ፓውቹን ዘወትር የሚያስቀምጥበት ቦታ ላይ ድዱ ነጣ ብሎና ትንሽ ሸሽቶ ተገኘ። ከዚያ በተረፈ አቅርቦቱ ነው። ቆርቆሮው የሚመጣው ከአዲስ አበባ በሰው እጅ ነው፣ ሊያልቅ ሲል የሚይዘው ጭንቀት ራሱ አስፈራው።

እኔ ጋ ከመምጣቱ በፊት የቻለውን ሞክሯል። እነዚያን ሙከራዎች በደንብ ነው የጠየቅኩት፣ ምክንያቱም አንድ ሰው ለምን እንዳልተሳካለት ካልታወቀ የሚቀጥለው ዘዴም በጭፍን ነው የሚመረጠው።

መጀመሪያ ቁጥር መቀነስ ሞከረ። ከአሥራ ሁለት ወደ ስምንት፣ ከስምንት ወደ አምስት። ወረቀት ላይ ቀነሰ። ግን እያንዳንዷን ከንፈሩ ሥር የሚያቆይበት ጊዜ ረዘመ፣ ቆይቶም ባለ 6ቱ ሲያንሰው ለጊዜው ባለ 10 አስመጣ። ቁጥሩ ወረደ እንጂ ኒኮቲኑ አልወረደም። ሰውነት ቆርቆሮ አይቆጥርም፣ ደም ውስጥ የገባውን ነው የሚያውቀው።

ቀጥሎ በአንድ ጊዜ አቆመ። የመረጠው ሰዓት ግን አዲስ ምርት የገባበት፣ ናሙና የሚጎርፍበት ወቅት ነበር። የኒኮቲን ሐራራ በመጀመሪያው ቀን ይጀምርና ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ላይ ይጠነክራል፣ ከዚያ በሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። ልክ በሦስተኛው ቀን ከባልደረባው ጋር ተጣላ፣ ቤቱ ገብቶም ልጆቹ ላይ ጮኸ። ማታውን ቆርቆሮ ፍለጋ ሄደ። ጫፉ ላይ ደርሶ ነው የተመለሰው፣ ይሄን ግን ማንም አልነገረውም ነበር። «ሁሌም እንደዚህ ነው የምሆነው» ብሎ ደመደመ።

ሦስተኛው የኒኮቲን ማስቲካ ነው። ውጭ አገር ያለች እህቱ ላከችለት። «ምንም አይሠራም» ብሎ ጣለው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። ማስቲካው ውስጥ ያለው ኒኮቲን በአፍ ሥጋ በኩል እንዲገባ አፉ አሲዳማ መሆን የለበትም። ቡና ደግሞ አሲዳማ ነው። ማስቲካው ላይ ያለው መመሪያ ራሱ ከማኘክ 15 ደቂቃ በፊትና በሚታኘክበት ጊዜ ምንም አትብሉ፣ አትጠጡ ይላል። ይሄ ሰው ግን ቀኑን ሙሉ በማንኪያ ቡና ወደ አፉ እየሳበ የሚተፋ ነው። በዚያ ላይ እንደ ተራ ማስቲካ ያላምጠው ነበር። ትክክለኛው አጠቃቀም ጥቂት አላምጦ፣ ምላስ ላይ ቆንጠጥ ሲያደርግ ጉንጭ ሥር ማሳረፍ፣ ስሜቱ ሲጠፋ እንደገና ማላመጥ ነው። ሲላመጥና ሲዋጥ ኒኮቲኑ ሆድ ውስጥ ገብቶ ስቅታና ቃር ነው የሚያመጣው። መድኃኒቱ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፣ ለእሱ አፍ ስላልሆነ ነው። ጅማ ውስጥ በቀን ሦስት ጊዜ ጀበና የሚጣድበት ቤት ለሚኖር ሰውም ይሄው ችግር ይገጥመዋል።

እኔ የጠየቅኩት «ስንት ትይዛለህ» ሳይሆን «መቼ፣ የት፣ ከምን ጋር» ብዬ ነው። ጥቂት ቀን ስልኩ ላይ እንዲጽፍ አደረግኩት። የወጣው ነገር ግልጽ ነበር። የመጀመሪያዋን ከእንቅልፉ በነቃ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይይዛል፤ ይሄ የጥገኝነቱን ጥንካሬ ከብዛቱ በላይ የሚናገር ምልክት ነው። ሁለተኛው ከቅምሻ እንደወጣ ነው። ሦስተኛውና ትልቁ በርጫ ነው። ከሰዓት በኋላ ቅሞ በሚቀመጥበት ቀን አንዱ ከሌላው ሳይለይ ይይዛል፣ የቀኑ ግማሽ እዚያች ፍራሽ ላይ ነው የሚያልቀው። ጫቱ ውስጥ ያለው ካቲኖንም ኒኮቲኑም አነቃቂ ናቸው፣ አንዱ የሌላውን ፍላጎት ይቀሰቅሳል። በእኛ ከተማ ስለ ኒኮቲን ማቆም አውርቶ ስለ በርጫ አለማውራት ጊዜ ማባከን ነው።

እንግዲህ ያለንን ምርጫ ዘረገፍን።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ትምባሆ የማቆም መመሪያ የደገፋቸው መድኃኒቶች የኒኮቲን ምትክ (እንደ ማስቲካውና ቆዳ ላይ እንደሚለጠፈው ፓች ያለው)፣ ቫሬኒክሊን፣ ቡፕሮፒዮንና ሳይቲሲን ናቸው፣ ከምክር ጋር። መመሪያው የሚያወራው ስለ ትምባሆ ነው። ፓውች ውስጥ ቅጠሉ ባይኖርም ሱሱን የሚያመጣው ኒኮቲን ግን ያው ስለሆነ የምንዋሰው ከዚያ ነው።

ቫሬኒክሊን ጥሩ መድኃኒት ነው። አንጎል ውስጥ ኒኮቲን የሚያርፍበትን ቦታ በከፊል ይይዛል፣ ሐራራውንም ደስታውንም ያበርዳል። እኛ ባዞርናቸው ፋርማሲዎች ግን አላገኘነውም፣ ስለዚህ ብዙ አላወራንበትም። ቡፕሮፒዮን ላይ ግን ቆመን አወራን። ይሄ መድኃኒት በኬሚካል አሠራሩ ከጫቱ ካቲኖን ጋር ዘመድ ነው። የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው አይሰጥም፣ ከአነቃቂ ነገር ጋር ሲደባለቅም የመንቀጥቀጥ አደጋው ይጨምራል። የሚቅም ሰው ለሐኪሙ ሳይናገር ይሄን መድኃኒት ቢወስድ አደገኛ ነው። ደግሞም እናውቃለን፣ ሐኪም ፊት «ትቅማለህ?» ሲባል «አልፎ አልፎ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ይሄን ተውነው።

ቀስ በቀስ ወይስ በአንድ ጊዜ? እንግሊዝ ውስጥ ወደ 700 በሚጠጉ አጫሾች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት አለ። በቁርጥ ቀን ካቆሙት 49 በመቶው አራተኛው ሳምንት ላይ እንዳቆሙ ነበሩ፣ እየቀነሱ ካቆሙት ደግሞ 39 በመቶው። ሁለቱም ወገኖች ፓችና ምክር ነበራቸው። ሌሎች ጥናቶችን አንድ ላይ ስናይ ልዩነቱ ያን ያህል አይሰፋም፣ እየቀነሰ የሚሳካለት ሰው አለ። እሱ ግን መቀነስን ሞክሮ ራሱን እንዴት እንዳታለለ አይተናል። ስለዚህ ቁርጥ ቀን፣ ግን ባዶ እጅ አይደለም።

ቀረ ፓች። ቆዳ ላይ ይለጠፋል፣ አፍ ውስጥ ምንም የለም፣ ቡናው አይነካውም፣ ምላሱንም አይነካውም። ለቡና ቀማሽ ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም። ጉድለቱ ቀርፋፋ መሆኑ ነው፤ ቀኑን ሙሉ እኩል ይሰጣል እንጂ ድንገት ለሚመጣ ፍላጎት አይደርስም። የሙሉውን ዙር ፓች ከውጭ የሚመጣ የአጎቱ ልጅ ይዞለት መጣ። በመሃል እንዳያልቅ ሙሉው እጁ ላይ ሳይደርስ ቀን አልቆረጥንም።

ቀኑ የተቆረጠው በረመዳን ነው። ሐሳቡ የእሱ ነበር፣ እኔ መጀመሪያ አልተቀበልኩትም። ጾምና ሐራራ በአንድ ላይ ይከብደዋል ብዬ። በኋላ ያለፉትን ረመዳኖች ሲነግረኝ ሐሳቤን ቀየርኩ። ፓውች ጾም ስለሚያስፈታ ከንጋት እስከ መግሪብ ድረስ አሥራ ሦስት ሰዓት ገደማ ሳይነካ ነው የሚውለው። ኒኮቲን ደም ውስጥ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፣ አፍጥር ላይ ሲደርስ የቀረው ኢምንት ነው። ማለትም በየቀኑ የሐራራውን መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ይቀበላል። ከዚያ ቴምርና ውኃ እንደቀመሰ ፓውቹን ይይዛል፣ ሰውነቱም እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ወር ሙሉ ስቃዩን እየከፈለ ወደ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን፣ ከዚያም ወደ ማቅለሉ አንድም ጊዜ አልደረሰም። ቀኑን መቻሉን አስቀድሞ አረጋግጧል። መቁረጥ የነበረበት ከአፍጥር እስከ ሱሁር ያለውን ብቻ ነው። (ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ክርስቲያንም ይሄው ስሌት ይሠራለታል።)

ፓቹ ጾም ያስፈታ እንደሆነ ሰፈሩ መስጊድ ያሉትን ሼህ ጠየቃቸው። በቆዳ የሚገባ ከምግብና ከመጠጥ እንደማይቆጠር ነገሩት። እሱን ለእኔ መጠየቅ አይገባም፣ ለሃይማኖት አባት ነው፣ ሌላውም ሰው የራሱን ይጠይቅ።

መጠኑን ከሐኪም ጋር ነው የወሰንነው። ግፊቱ ተለካ፣ የልብ ችግር እንደሌለበት ታየ። ፓች የተሠራው ሲጋራን አስቦ ነው፤ በቀን ከ10 ሲጋራ በላይ የሚያጨስ በ21 ሚሊግራም ይጀምራል። ከፓውቹ ላይ የተጻፈው 6 ሚሊግራም ሁሉ ደም ውስጥ አይገባም፣ ከፊሉ ከከረጢቱ ጋር ይጣላል፣ ስለዚህ ደርዘኑን በ6 አባዝቶ ማስላት ስህተት ነው። የጠዋቱን ግማሽ ሰዓትና ብዛቱን አይተን በ21 ተጀመረ፦ ስድስት ሳምንት 21፣ ሁለት ሳምንት 14፣ ሁለት ሳምንት 7። ማቅለሽለሽ፣ የልብ መምታት ወይም ማዞር ከመጣ መጠኑ በዝቷል ማለት ነውና እንዲደውል ተነገረው። ሱሁር በልቶ ይለጥፋል፣ በየቀኑ የተለያየ ቦታ ላይ። ፓቹ ጉልበቱ የሚመጣው ከተለጠፈ ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ የጾሙን ከባድ ሰዓት ተሸክሞ ይውላል።

ሥራው ላይም ዕድል ገጠመው። በአገራችን የቡና ደረጃ አሰጣጥ ጥሬው ፍሬ 40፣ ቅምሻው 60 ነጥብ ነው የሚይዘው። በረመዳን ቅምሻውን ባልደረባው ያዘለት፣ እሱ ጥሬውን መመርመር ላይ ተቀመጠ። ከቅምሻ በኋላ የሚይዛት ፓውች በዚህ ሰበብ ሳትጠየቅ ቀረች።

በርጫውን ለወሩ ተወ። ይሄ ከሁሉም ከባዱ ነበር። ከተራዊህ በኋላ የሚጠራራው የጓደኛ ቡድን አለ፣ ግማሹ ከንፈሩ ሥር ፓውች ይዞ ነው የሚቀመጠው። ባለቤቱ እዚህ ላይ ትልቅ ሥራ ሠራች። ጓደኞቹን ራሷ ለአፍጥር ጠርታ «ይሄን ወር ተዉልኝ» አለቻቸው። ሳቁባት፣ ግን ሰሙ።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሌሊት መጮህ ጀመረ። መጥፎ ሕልም፣ የሚያፍን ነገር። «ዱካክ ነው፣ ጫቱን ስላቆምኩ» አለኝ። የሚቅም ሰው ሁሉ ዱካክን ያውቃል፣ ስለዚህ ማመን ቀላል ነበር። ግን የኒኮቲን ፓችም ሌሊት ቆዳ ላይ ሲያድር ሕልምን ያባብሳል። ለመለየት ያለው መንገድ አንድ ነው፦ ሲተኛ ፓቹን አንስቶ በሱሁር አዲስ መለጠፍ። አደረገው፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ሌሊቱ ቀለለት። ጫቱም ድርሻ ይኖረው ይሆናል፣ ዋናው ግን ፓቹ ነበር። ይሄን ባናጣራ ኖሮ ዱካኩን ለማስቆም ብሎ ወደ በርጫው ይመለስ ነበር፣ በርጫው ደግሞ ወደ ፓውቹ።

አንድ ስጋትም ነበረው። «ኒኮቲን የሚያቆም ሰው ቡና ይቀንስ» ሲባል ሰምቷል፣ ይሄ ለእሱ ሥራ ቀንስ ማለት ነው። ምክሩ እውነት የሚሆነው ለአጫሽ ነው። የሲጋራው ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያቃጥል ያደርጋል፤ ጭሱ ሲቀር ያው ስኒ ቡና ደም ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፣ ሰውየውም ይርበተበታል። የሚያደርገው ጭሱ እንጂ ኒኮቲኑ አይደለም። ከፓውች የሚወጣ ሰው ይሄ ለውጥ አይገጥመውም። ቡናው ፓውቹን ያስታውሰዋል፣ ያ ግን ሌላ ነገር ነው።

ከዒድ በኋላ ቅምሻ ክፍል ተመለሰ፣ ያኔ ነው ፓቹ የማይደርስበት ፍላጎት የመጣው። ከቅምሻ እንደወጣ እጁ ኪሱ ይገባል። እንዲህ ያለው ፍላጎት ደቂቃዎች ነው የሚቆየው፣ እየተመላለሰ ቢመጣም። አፉን በውኃ ተጉመጥሙጦ ቆሎ ይዞ ወደ መጋዘን ይሄድ ነበር፤ ያንን መንገድ ራሱ ነው ያገኘው፣ እኔ አልመከርኩትም።

አንድ ጊዜ ወደቀ። ሠርግ ነበር፣ በርጫ ነበር፣ አንዱ ቆርቆሮውን ዘረጋለት። ባለ 14ቱ ፓች እላዩ ላይ እንደተለጠፈ አንዷን ያዘ፣ ማዞር ያዘው፣ ተፋት። በማግስቱ ሲደውል ፓቹን ነቅሎ ጥሎታል፣ «በቃ ተበላሸ» ብሎ። እንዲመልሰው ነገርኩት። አንድ ፓውች የሳምንታት ሥራን አያፈርስም። የሚያፈርሰው ፓቹን ነቅሎ ወደ ቆርቆሮው መመለስ ነው። በዚያው ቀን አዲስ ለጠፈ፣ ዙሩን ጨረሰ።

ጫቱን ሙሉ በሙሉ አልተወም። አልፎ አልፎ ከወንድሙ ጋር ቤቱ ይቅማል፣ ወንድሙ ኒኮቲን አይነካም። እኔ እሱንም ቢተወው እወዳለሁ፣ ነግሬዋለሁም። ሁለቱንም ለዘላለም በአንድ ቀን ተው ብንለው ግን ሁለቱንም እንደማይተው ሁለታችንም አውቀናል። ፓውች ካለበት ፍራሽ ላይ ግን አይቀመጥም፣ ይሄ አሁንም ጸንቷል።

ሌላ ሰው ይሄን ብቻውን አይቅዳ። በቀን ሁለት ሦስት የምትይዝ፣ ጠዋት የማያስፈልጋት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ 21 ሚሊግራም ፓች ብትለጥፍ ታማ ነው የምታድረው፤ እሷ ምናልባት ቀን መቁረጥና ጓደኛ ብቻ ይበቃታል። ነፍሰ ጡር፣ ልብ ሕመምተኛና ታዳጊ ልጅ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ነው መሄድ ያለበት። ልጆች ያሉበት ቤት ደግሞ ያገለገለ ፓችና ፓውች ሳይቀር ኒኮቲን ይቀረዋልና ታጥፎ፣ ተሸፍኖ ይጣል። ሕፃን አፉ ቢከተው መርዝ ነው።

የእሱ ምላስ ተመልሷል፤ ነጥቦቹ ከባልደረቦቹ ጋር ተቀራርበዋል። የድዱ ንጣት ቀንሷል፣ የሸሸው ድድ ግን ተመልሶ አያድግም፣ ጥርስ ሐኪሙም ይሄንኑ ነግሮታል። አሁን የሚያሳስበን አዲሱ ምርት ነው። ከጥቅምት ወዲህ ናሙናው ሲጎርፍ ከጠዋት እስከ ማታ ቅምሻ ላይ ነው የሚውለው፣ ያለፈው ሙከራ የተሰበረውም እዚያው ላይ ነበር። ለዚያ ጊዜ ባለ 2 ሚሊግራም ማስቲካ መሳቢያው ውስጥ አስቀምጠናል። ከቅምሻ ወጥቶ አፉን ተጉመጥሙጦ 15 ደቂቃ ከቆየ በኋላም ፍላጎቱ ካልሄደ ብቻ ነው የሚያወጣው፣ ከማውጣቱ በፊት ደግሞ ይደውልልኛል።